ማርከሻው ከመርዙ ደጃፍ እንዲያድር

የጎጃም ገበሬ በርበሬውን ከተባይ፣ በቆሎውን ከተምች የሚከላከልበትን ፈሳሽ «መድኃኒት» ብሎ ይጠራዋል፤ ጤና ጣቢያ ሄዶ ወባውን የሚያስታግሥበትንም ክኒን እንዲሁ «መድኃኒት» ይለዋል። ቃሉ በግዕዝ «ድኅነ» ከሚለው ግሥ የተወለደ፣ በቅዳሴና በጸሎት መጽሐፍ ዘወትር የሚሰማ ክቡር ቃል ሆኖ ሳለ፣ ዛሬ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ዙሪያ ባሉት ቀበሌዎች አንዲት እናት ከደጅ ወጥታ «ልጄ መድኃኒት ጠጣብኝ!» ብላ ስትጮኽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ የሚረዳው ፈውስን ሳይሆን ሞትን ነው። የተከበሩ አንባቢ፣ እኔ በዚህ ጽሑፍ ገዳዩን «መርዝ» ብቻ እለዋለሁ፤ መርዙን የሚሽረውን ደግሞ አባቶቻችን በቆየ ስሙ «ማርከሻ» እንዳሉት እጠራዋለሁ። መርዙ በየቤቱ ገብቶ ሳለ ማርከሻው ሩቅ ቀርቷልና፣ ይህን ርቀት የአንድ ቀበሌ ሰው በገዛ እጁ ምን ያህል ሊያሳጥረው እንደሚችል ደረጃ በደረጃ ላሳይዎት አስቤአለሁ።

በሌላው ዓለም ማርከሻን ወደ ሕዝብ የማቅረቡ ነገር ብዙ ተጉዟል። «ኦፒዮይድ» ከሚባለው የሕመም ማስታገሻ ወገን ከመጠን ያለፈ የወሰደ ሰው እስትንፋሱ እየሳሳ ሄዶ ይቆማል፤ ናሎክሶን የተባለው ማርከሻ ግን በጥቂት ደቂቃ ውስጥ እስትንፋሱን ይመልስለታል። አሜሪካኖች ይህን መድኃኒት እ.ኤ.አ. በ1971 ከፈቀዱ በኋላ ለረጅም ዘመን በሐኪም እጅ ብቻ አኑረውት ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2014 ባወጣው መመሪያ፣ በአጠገቡ እንዲህ ያለ አደጋ ሊደርስ የሚችል ማንኛውም ሰው መድኃኒቱን ማግኘትና አጠቃቀሙንም መማር እንዳለበት መከረ፤ እ.ኤ.አ. በ2023 ደግሞ በአፍንጫ የሚረጨው ናሎክሶን በአሜሪካ ያለ ሐኪም ማዘዣ እንዲሸጥ ተፈቀደ። ከዚህ ወዲህ ባልንጀራው ሲወድቅ ያየ ሰው ሐኪም እስኪመጣ እጁን አጣጥፎ እንዲቆም አይገደድም።

የእኛ ባላገር ግን የሚወድቅበት መርዝ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ጌርሃርድ ሽራደር የተባለ ጀርመናዊ ኬሚስት ለፀረ ተባይነት ያበቃው፣ በሊቃውንቱ ዘንድ «ኦርጋኖፎስፌት» የሚባለው የመርዝ ወገን፣ ማላታይን፣ ዳያዚኖን፣ ዳይሜቶኤትና ክሎርፓይሪፎስ በሚሉ ስሞች ወደ ገበያችን ገብቷል፤ በ2009 ዓ.ም. መጤው ተምች በበቆሎው ላይ ከወረደ ወዲህማ መርጫ አዝሎ ማሳ መግባት እንደ ጉልጓሎና እንደ አረም የወቅት ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ይህ መርዝ በአፍ ብቻ ሳይሆን በቆዳና በትንፋሽም ይገባል። ከገባም በኋላ በነርቭና በጡንቻ መካከል መልእክት የሚያቋርጠውን ንጥረ ነገር ስለሚያስረው፣ ሰውነት «አቁም» የሚለው አጥቶ ያለ ልክ ያነባል፣ ያልባል፣ ለሃጭ ያዝረበርባል፤ በመጨረሻም ሳንባው ከውስጥ በሚፈልቅ ውኃ ይሞላና ሰውየው ወንዝ ሳይገባ ይሰጥማል። ማርከሻው አትሮፒን ይባላል፤ ያን ፈሳሽ ያደርቀዋል፣ የደከመውን የልብ ምት ያነሣዋል። በነገራችን ላይ በየአጥራችን ሥር የሚበቅለው አስተናግር፣ አንዳንዱም አጤ ፋሪስ የሚለው ቅጠል፣ ይህንኑ አትሮፒን በውስጡ ይዟል፤ ነገር ግን መጠኑ የማይታወቅና ራሱም አእምሮ የሚያስት መርዝ ስለ ሆነ፣ «እንግዲያስ ቀቅለን እናጠጣው» የሚል ብልጥ ቢነሣ ፈጥነው ይከልክሉት።

እዚህ ላይ ከናሎክሶን የሚለይበትን ነገር ሳልሸሽግ መናገር ይገባኛል። ናሎክሶንን አንድ ተማሪ በአፍንጫ ረጭቶ ሰው ሊያድን ይችላል፤ አትሮፒን ግን በደም ሥር የሚሰጥ፣ በየአምስት ደቂቃው ደረት እየተደመጠና የልብ ምት እየተቆጠረ መጠኑ የሚታጠፍ ስለ ሆነ፣ በየጎጆው ላከፋፍል ቢሉት አይሆንም። ስለዚህ የእኛ ፈንታ ሁለት ነው፤ በቤት መደረግ ያለበትን ሕዝቡ ሁሉ እንዲያውቀው ማድረግና፣ አትሮፒኑን በእግር ሊደረስበት ከሚችለው ጤና ጣቢያ በበቂ መጠን ማኖር።

ከቤትዎ ይጀምሩ። ጣራው ሥር፣ አልጋው ሥር፣ የዘር ማስቀመጫው ዘንድ ያለውን የመርዝ ዕቃ ሁሉ አውጥተው በፀሐይ ይደርድሩና ይቍጠሩ። እኔ ይህን ባደረግሁ ጊዜ ያስደነገጠኝ የብዛቱ ነገር አልነበረም፤ ከሱቅ በሲኒ ተሰፍሮ የተገዛ፣ በሃይላንድ የተቀዳ፣ ውኃ መስሎ የተቀመጠ ፈሳሽ ማግኘቴ ነበር፤ ልጅ ከሜዳ ተጠምቶ ቢገባ ሃይላንድ ባየበት ይጠጣል። በሃይላንድ የተቀዳ መርዝ በኋላም ስም የለውምና ሐኪሙን በጨለማ ያስኬደዋል፤ ስለዚህ መርዝ ከገዛ ዕቃው አይለወጥ፣ ወረቀቱም አይላጥ። በአዋጅ ቁጥር 674/2002 መሠረት ፀረ ተባይ የሚሸጠው የተመዘገበው ብቻ፣ ያውም ፈቃድ ባለው ሻጭ መሆኑን አውቀው፣ በሲኒ የሚሰፍረውን ነጋዴ ይራቁት። ለርጭት የሚበቃዎትን ብቻ ይግዙ፤ የተረፈውን ቍልፍ ባለው ሣጥን ይዝጉበት፤ ከተቻለም የቀበሌው ኅብረት ሥራ ማኅበር በአንድ መጋዘን እንዲያኖርና ለርጭት ቀን ብቻ እንዲያወጣ ያስማሙ። ጎተራ ለማጠን የሚገዛው የነቀዝ ክኒን ደግሞ አትሮፒን የማይመልሰው ስለ ሆነ ከመኖሪያ ቤት ፈጽሞ አይደር። ስሪ ላንካ ከ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብርቱ ብርቱዎቹን መርዞች እየለየች ከገበያ ስላስወጣች፣ እ.ኤ.አ. በ1995 ከፍተኛ ደርሶ የነበረው በገዛ እጅ የመሞት መከራ በሃያ ዓመት ውስጥ 70 በመቶ ያህል ወርዷል፤ በቁጣና በኀዘን ሰዓት ከእጅ የራቀ ነገር ሕይወት ያተርፋል ማለት ነው።

አደጋው በደረሰ ጊዜ ምልክቱን ይወቁ። የዓይኑ ብሌን እንደ መርፌ ነጥብ ጠብባ፣ ላቡና ለሃጩ አለመጠን እየፈሰሰ፣ እያስመለሰው፣ ሆዱ እየሮጠ፣ የክንዱና የጭኑ ሥጋ ከቆዳው በታች ትል እንደሚላወስበት እየተንቀጠቀጠ ከሆነ፣ ሌላ ማስረጃ አይፈልጉ። አስቀድመው ገዛ እጅዎን በፌስታል ይሸፍኑ፤ ከዚያ ሕሙሙን ከማሳው አውጥተው በነፋሻ ቦታ ያድርጉት፣ ልብሱን እስከ ውስጥ ልብሱ ገፈው ሰውነቱንና ጠጕሩን በሳሙናና በብዙ ውኃ ይጠቡት፤ ዓይኑ ውስጥ ከገባም ቢያንስ ሩብ ሰዓት በንጹሕ ውኃ ያፍስሱበት። አእምሮውን ከሳተ በግራ ጎኑ ያጋድሙት፣ በአፉ ያለውን ፈሳሽ በጨርቅ ይጥረጉ። ወተት አያጠጡት። ይህን የምለው ወተት የማያውቅ ቤት ስለሌለና በአገራችን የተመረዘ ሁሉ የሚታከመው በወተት ስለ ሆነ ነው፤ ወተቱም፣ እንቍላሉም፣ ሎሚውም፣ ጣት ከቶ ማስመለሱም ትርፉ ወደ ሳንባ መግባት ነው። የመርዙን ዕቃ ከነወረቀቱ በፌስታል ቋጥረው ይያዙ፤ ሰዓቱንም ይመልከቱ፣ ሐኪሙ ከመርዙ ስም ቀጥሎ የሚጠይቀው የገባበትን ሰዓት ነውና።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው እውነቱን መናገር ነው። ቤተ ሰብ ሕሙሙን ይዞ ይመጣና «ሆዱን አመመው» ይላል፤ ፖሊስን ይፈራል፣ የጎረቤትን አፍ ይፈራል፣ ቢሞትብን ፍትሐት ይከለከላል ብሎም ይጨነቃል። ስለ ሕጉ የሆነ እንደ ሆነ፣ የኢትዮጵያ የወንጀል ሕግ የሚቀጣው ሌላውን ሰው ራሱን እንዲያጠፋ የገፋፋውን ወይም የረዳውን እንጂ የተረፈውን ሕሙም አይደለም። ስለ ፍትሐቱ ደግሞ፣ የንስሐ አባት ሆነው የሚያገለግሉ ካህናት ይህን ነገር ከቅዳሴ በኋላ በዐውደ ምሕረት ቢያስተምሩት፣ ነፍስ ገና በሥጋ ሳለች ምሥጢሩን ለሐኪም መግለጥ ኃጢአት እንዳይደለ ቢናገሩ፣ ከብዙ መርፌ የበለጠ ይረዱናል ብዬ አምናለሁ። የዳነውንም ሰው ዘመዱ ከሚገሥጸው ይልቅ አብሮት ቢቀመጥ፣ ያስጨነቀውንም ነገር ቢጠይቀውና የአእምሮ ሐኪም ዘንድ ቢያደርሰው ይሻላል።

መንገዱን ዛሬውኑ ያሰናዱ። በአስፋልቱ ዳር ላሉት ለጅጋ፣ ለማንኩሳና ለደምበጫ ነገሩ ቀላል ነው፤ ከቋሪት፣ ከሰከላ፣ ከደጋ ዳሞት ወይም ከወንበርማ ገደል ሥር ለሚመጣው ግን የመጀመሪያው አምቡላንስ ቃሬዛ ነው። የወረዳውን አምቡላንስ ስልክና የቀይ መስቀልን 907 በጤና ኬላው በር፣ በወፍጮ ቤቱ ግድግዳና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር መግቢያ በቀለም ያስጽፉ፤ ስምንት ጎልማሶች በተራ የቃሬዛ ሠልፍ እንዲገቡ ሰንበቴው ወይም ዕድሩ ይወስን። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን በተነሣው ውጊያ መንገድ ዛሬ ተከፍቶ ነገ ሲዘጋ አይተናልና፣ «ወደ ፍኖተ ሰላም ሆስፒታል እንልከዋለን» የሚለው መልስ ብቻውን መልስ አይሆንም። ቃሬዛው ሲነሣ አንድ ሰው ለጤና ጣቢያው ይደውልና «የፀረ ተባይ መርዝ ነው፤ አትሮፒን አዘጋጁ» ይበል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር፣ ወደ ጤና ጣቢያው የመድኃኒት መሳቢያ እንግባ። ከጥቂት ዓመት በፊት፣ በክረምት፣ ስሙን ከማልጠራው አንድ ጤና ጣቢያ በር ላይ ቆሜ ሳለ፣ በርበሬ ሲረጭ መርጫው በጀርባው ላይ ያፈሰሰበት ጎልማሳ በቃሬዛ መጣ። ነርሷ ፈጣን ነበረች፤ መሳቢያውን ሳበች፣ ትንንሾቹን ብልቃጦች በመዳፏ አፈሰሰችና ቍጥራቸውን ለራሷ እንደምትነግር ሁሉ ቀስ ብላ «አራት» አለች። አራቱንም አንገታቸውን እየሰበረች ሰጠችው፤ ከዚያ በኋላ የነበራት ሳሙናና ውኃ ብቻ ነበር። ሰውየው የተረፈው መርዙ በቆዳው ጥቂት በጥቂት ስለ ገባ፣ እርሷም ሳትሰለች ስላጠበችው ነው። በዝርዝሩ ወረቀት ላይ ግን ያ ጤና ጣቢያ «አትሮፒን አለው» ተብሎ ተጽፎ ነበር፤ ውሸት አልነበረም።

ስለዚህ «አለ ወይ?» ብለው አይጠይቁ፤ «ለስንት ሰው ይበቃል?» ብለው ይጠይቁ። ስሌቱ እንዲህ ነው። አንዱ ብልቃጥ ዘወትር የሚይዘው 1 ሚሊግራም ነው። ለጎልማሳ ሕክምናው በ2 ሚሊግራም ቢጀመር፣ ደረቱ ካልጠራ ከአምስት ደቂቃ በኋላ 4፣ ቀጥሎ 8፣ ቀጥሎ 16 ይሰጣል፤ በአሥራ አምስተኛው ደቂቃ ላይ ለአንድ ሰው ብቻ 30 ብልቃጥ አለቀ ማለት ነው፤ ብርቱ መርዝ ለጠጣው ሰው ደግሞ በመጀመሪያው ቀን ከዚህም እጅግ የሚበዛ ሊፈለግ ይችላል። እንግዲህ በእኔ አስተያየት አንድ ጤና ጣቢያ ለሁለት ሰው መነሻ 60 ብልቃጥ፣ አምቡላንሱም ለመንገድ የራሱን ድርሻ ሊይዝ ይገባዋል። መድኃኒቱ በዓለም ጤና ድርጅት የመሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ያለ፣ አሮጌ፣ ብርቅ ያልሆነ መድኃኒት ነው፤ እንዲያንስ የሚያደርገው ጠያቂ ማጣቱ ነው።

ለመጠየቅም ሥርዓት አለው። ከሁሉ አስቀድመው ወደ ፋርማሲ ባለሙያው ይሂዱ፤ ወቃሽ ሆነው ሳይሆን የመንደሩ ሽማግሌ እንደሚሄድ ሆነው ይሂዱና የአትሮፒንን ቢን ካርድ እንዲያሳይዎት ይለምኑ። በካርዱ ላይ ስንት ገባ፣ ስንት ወጣ፣ ስንት ቀረ የሚለውን ያነባሉ። ጤና ጣቢያዎች በየሁለት ወሩ የሪፖርትና የመጠየቂያ ቅጽ ሞልተው ለኢትዮጵያ መድኃኒት አቅራቢ አገልግሎት፣ በእኛ በኩል ለባሕር ዳሩ ቅርንጫፍ፣ ይልካሉ፤ ቅጹ የሚሞላው ባለፈው ጊዜ በወጣው መጠን ልክ ስለ ሆነ፣ አራት ብቻ ያወጣ ጤና ጣቢያ ሲጠይቅም የሚጠይቀው ያንኑ ያህል ነው፤ የማርከሻው እጥረት ራሱን በራሱ እየወለደ የሚኖረው እንዲህ ነው። ይህን ዙር የሚሰብረው የጤና ጣቢያው የመድኃኒትና ሕክምና ኮሚቴ «አትሮፒን በፍጆታ ሳይሆን በሕሙም ቍጥር ይያዝልን» ብሎ ሲወስን ነውና፣ ኮሚቴው እንዲወስንበት ጥያቄዎን በጽሑፍ ለጤና ጣቢያው የሥራ አመራር ቦርድ ያቅርቡ። ደብዳቤው አጭር ይሁን፤ ለምሳሌ፦ «በቀበሌያችን በርበሬና በቆሎ የሚረጩ አባወራዎች ብዙ ስለ ሆኑ፣ ጤና ጣቢያው ለሁለት የተመረዙ ሰዎች መነሻ የሚበቃ 60 ብልቃጥ አትሮፒን ዘወትር እንዲይዝ፣ ከ30 በታች ሲወርድም በአስቸኳይ እንዲጠይቅ እንለምናለን።» ከገበሬዎች ማኅበሩ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ ሰበካ ጉባኤ፣ ከትምህርት ቤቱና ከጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ፊርማ ቢኖርበት ክብደት ያገኛል። ማኅበረሰቡ ጤና ጣቢያውን በነጥብ በሚመዝንበት ስብሰባ ላይም የመድኃኒት መኖርና አለመኖር አንዱ መመዘኛ ስለ ሆነ፣ እዚያ አትሮፒንን በስሙ ይጥሩት።

የፋርማሲ ባለሙያው አንድ ነገር ይመልስልዎታል፤ መልሱም የሰነፍ መልስ አይደለም። «አባ፣ ስድሳ አምጥቼ ጊዜው ቢያልፍበት እኔ እጠየቃለሁ» ይላል። እውነቱን ነው፤ የመድኃኒት ኪሳራ በስሙ ይመዘገብበታል፤ ተመርዞ መጥቶ አትሮፒን አጥቶ የሞተ ሰው ግን በማንም ስም አይመዘገብም። ይህን ፍርሃት በምክር ሳይሆን በዘዴ ማውጣት ይቻላል። ሆስፒታል አትሮፒንን ለቀዶ ሕክምናም ይጠቀምበታልና፣ የማለፊያ ጊዜው ስድስት ወር የቀረውን ብልቃጥ ጤና ጣቢያው ወደ ሆስፒታሉ አስተላልፎ በምትኩ አዲሱን እንዲወስድ የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤት በደብዳቤ ቢያስማማቸው፣ አንድም ብልቃጥ ሳይጣል መሳቢያው ሙሉ ሆኖ ይኖራል። እኔ ይህን አንድ ገጽ ስምምነት ከሥልጠናም ከስብሰባም አስበልጠዋለሁ። በዚያው ደብዳቤ ጥቂት ብልቃጥ ናሎክሶንም ቢጨመር ደግ ነው፤ ከኦፒዮይድ ወገን የሆነው ትራማዶል ያለ ትእዛዝ በኪስ እየተያዘ በሚዞርበት በዚህ ዘመን፣ ለትራማዶል ናሎክሶን በከፊል ብቻ የሚረዳ ቢሆንም፣ ለሞርፊንና ለፔቲዲን ግን ፍቱን ነው።

ስለ ገንዘብ የሚያሠጋዎት ከሆነ፣ ድንገተኛ ሕሙም አስቀድሞ ክፈል ሳይባል መረዳት እንዳለበት የአገሪቱ የጤና ደንብ ያዝዛል፤ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን ደብተርም የታደሰ ይሁን።

ሕሙሙ ነቅቶ፣ ደረቱ ጠርቶ፣ «አሁንስ ደኅና ነኝ፣ ቤቴ ውሰዱኝ» ባለ ጊዜ አይስሙት። ከአንድ እስከ አራት ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ የአንገቱና የመተንፈሻው ጡንቻ ድንገት ሊዝልና እስትንፋሱ ሊታጠር ይችላል፤ ራሱን ከትራስ ቀና ማድረግ ያቃተው እንደ ሆነ ያ ምልክቱ ነውና በሌሊትም ቢሆን ነርሷን ይጥሩ። በሆስፒታል የሚያስታምሙ ዘመዶች ይህን ሳያውቁ በሁለተኛው ቀን ሕሙሙን በባጃጅ ጭነው ይመለሳሉ።

ቀኑን በሚመለከት፣ በርበሬው በሰኔና በሐምሌ ተተክሎ ርጭቱ በክረምቱ እየበረታ ስለሚሄድ፣ የሁለት ወሩም ቅጽ ለመድረስ ጊዜ ስለሚፈልግ፣ ወደ ፋርማሲው የሚሄዱት በሚያዝያ ይሁን፤ በሰኔ መጨረሻ ደግሞ አንድ ጊዜ ተመልሰው፣ መሳቢያው ተስቦ ብልቃጦቹ አንድ ባንድ ሲቈጠሩ አጠገብ ቆመው ይዩ።